አንደኛው ገመድ

«ስምንቱንም ገመድ እኛው እንይዛለን፤ አንቺ በሱ አትጨነቂ» አለ ሲም ፐርቪስ፣ ከሳህኑ ላይ ሌላ ብስኩት እያነሳ። «የቀድሞ ባንዲራ ያዦች ማኅበር የራሱን ሰው መሸኘት ያውቅበታል።»

ኔታ ክሮዚየር ሲምን ትታ ብስኩቱን በዓይኗ ተከተለችው። አፉ ውስጥ ገባ፤ ፍርፋሪው ሆዱ ላይ ረገፈ። ከሳሎኑ ማዶ፣ መጋረጃው በተዘጋው መስኮት ሥር፣ ባሏ ዋት ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። በሕይወት ሳለ ሲም አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አሁን ዝም በማለቱ ኔታ በልቧ አመሰገነችው።

«ሰባቱን ያዙ» አለች። «አንደኛው የልጁ ነው።»

በሃርትሎ ከተማ ሬሳ ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው። እያንዳንዱ ገመድ ቁጥር አለው፤ ራስጌ ያለውን አንደኛውን የሚይዘው የሟች በኩር ልጅ ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ ወንድም፣ ወንድም ከሌለ የእህት ልጅ፣ እሱም ከታጣ ጎረቤት ይይዛል፤ ብቻ ሱሪ የታጠቀ ይሁን። ዋት የወለደው አንዲት ሴት ልጅ ነው፤ ሮና ትባላለች። ሱሪ እንኳ ትታጠቃለች፤ ጠቡም የተነሳው ከዚያው ከግልቢያ ሱሪዋ ነው።

«የትኛዋ ልጁ?» አለ ሲም። «ያቺ እስካሁን ብቅ ያላለችው?»

«ሌላ ወልዶ እንደሆነ ንገረኛ። ማኅበራችሁ የማያውቀው የለም።»

«ዓርብ ሞተ፣ ዛሬ ሰኞ ነው» አለች ፔጊ ከሶፋው ላይ። ፔጊ የዋት ታላቅ እህት ናት፤ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ከዚያ ሶፋ የተነሳችው ሻይ ሲቀዘቅዝባት ብቻ ነው። «አባቷ እዚህ ተጋድሞ እሷ ጋጣዋ ውስጥ ፈረስ ታበላለች።»

«ፈረስ ሐዘን አያውቅም፣ ፔጊ። ይርበዋል።»

ሲም ጉሮሮውን ጠረገ። «ይልቅ ስለ አሟሟቱ እናውራ። እንዲህ ያለ አሟሟት ማን ያገኛል? በሊን ወንዝ መልካ፣ ድንበራችን ላይ፣ ግልቢያው ልክ ሳምንት ሲቀረው። ልቡ ደክሞ፣ ሐኪሙ ከቤት አትራቅ ብሎት፣ ማንንም ሳይሰማ ድንበሩን ሊያይ በማለዳ ሄደ። ባልሽ ድንበር ሲጠብቅ ነው የሞተው፣ ኔታ።»

«ከማን?»

«ምን ከማን?»

«ድንበሩን የሚጠብቀው ከማን ነው?»

ሲም ሆዱ ላይ ያለውን ፍርፋሪ አራገፈ። ከድንበሩ ማዶ ያሉት የገዛ አክስቱ ልጆች ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው ይጠጣል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሃርትሎን የወል መሬት ሊቀማ የመጣ ጠላት የለም። ቢመጣም የሚያገኘው ድንጋይ፣ ጭቃና የሚያስል በግ ነው።

«ወጉን ማለቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ደግሞ ሳልረሳው፣ አጠገቡ ወድቃ ያገኘናትን ዲጂኖ አምጥቼ ከጓሮ በርሽ ኋላ አቁሜያታለሁ። ለባንዲራው ማቆሚያ ሊቆፍር አስቦ ይሆናል፣ ነፍሱን ይማረው። አይገርምሽም፣ የትኛው ዱርዬ እንደሆነ እንጃ፣ የመልካውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ግማሽ ድረስ ፈንቅሎታል። አያቶቻችን የተሻገሩበትን ድንጋይ። ነገ በትራክተር እንመልሰዋለን።»

ኔታ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ልታነሳ የዘረጋችው እጅ ባለበት ቀረ። ቀስ ብላ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። የገባት ነገር በብስኩት መሀል የሚወራ አልነበረም። ሲም «ነገ» ያለው ነገር ደግሞ ወር ሳይሞላ እንደማይሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም በዚያ ተማመነች።

ዋት ክሮዚየር በሃያ ሁለት ዓመቱ ባንዲራ ያዥ ነበር። ሃርትሎ በየዓመቱ ካላገቡ ጎረምሶቿ አንዱን ትመርጥና የከተማዋን ባንዲራ ታስይዘዋለች። እሱም መቶ ምናምን ፈረሰኛ ከኋላው አስከትሎ የወል መሬቱን ወሰን ይዞራል፤ ሙዚቀኛው ይነፋል፣ አሮጊቱ ታለቅሳለች፣ ውስኪው እንደ ውሃ ይቀዳል። በዚያ ቀን ልጁ ንጉሥ ነው። በማግስቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። የዋት ችግር በማግስቱ ሥራ የገባው ገላው ብቻ መሆኑ ነበር። ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራም፣ ፋብሪካው ተዘግቶ የከብት መኖ በጭነት መኪና ሲያመላልስም፣ ጡረታ ወጥቶ ድንች ሲኮተኩትም፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ኮርቻ አልወረደም።

ኔታ ያገባችው ያንን ኮርቻ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ነው፤ በዚህ ማንንም አትወቅስም። አረንጓዴ ኮት ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ሪባን አጋድሞ በድልድዩ ሲያልፍ ዞር ብሎ ዓይኑን ጣለባት። እሷም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ወደቀችለት። ከተጋቡ በኋላ አንድ ቀን ጠየቀችው። ያየው እሷን ሳይሆን ከኋላዋ የነበረውን የሱቅ መስታወት ነው፤ ባንዲራው ተቃንቶ እንደሆነ ሊያረጋግጥ። ይህንንም የነገራት የሚያስቅ ነገር መስሎት ነው።

ያ ሪባን እስከ ዛሬ በመስታወት ሣጥን ታሽጎ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። የሮና የምርቃት ፎቶግራፍ ኮሪደሩ ላይ፣ ከካፖርት መስቀያው ኋላ ነው። እንግዳ ሲመጣና ካፖርቱን ሲሰቅል ልጅቷ ትሸፈናለች፤ ክረምት ከገባ ደግሞ ጭራሽ አትታይም። ኔታ ብዙ ጊዜ ቦታ ልታለዋውጣቸው አስባለች። ሳታደርገው ዓመታቱ አለፉ፤ ትዳር እንዲህ ነው።

ሮናን ፈረስ ያስተማራት እሱ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላት የሰው ድንክ ፈረስ ለምኖ አምጥቶ፣ ልጓም እየሳበ በዝናብ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ ሳንባ ምች ሊይዘው ነበር። ሶምሶማውን፣ ዝላዩን፣ ወንዝ አሻጋገሩን አስተማራት። የድንበሩን ምልክት ድንጋዮች አንድ በአንድ አስጠናት፤ ሕፃኗ አባታችን ሆይን ሳታውቅ የሃርትሎን ወሰን ከዳር እዳር ትወርደው ነበር። ሁሉን አስተማራት፤ ሴት መሆኗን ማስተማር ብቻ ረሳ። ያንን በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮ ከኋላህ ልጋልብ» ስትለው ነው የነገራት። «ሴት አትጋልብም» አላት፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው እንደሚል ሰው።

ሮና ከተማውን ለቃ ሄደች፤ ተመልሳም ከመልካው በላይ ባለው እርሻ ፈረስ ታረባ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ሲሆናት ፍርድ ቤት ሴትም ትጋልብ ብሎ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት ከሌላ አንዲት ሴት ጋር ሆና ወጣች። ያን ጊዜ የሃርትሎ ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሴቶቹ ሲደርሱ ጀርባቸውን ሰጡ። ፔጊ ከማንም ቀድማ ዞረች፤ ለዚህ ብላ አዲስ ባርኔጣ ገዝታ ነበር። ዋትም ዞረ።

አንድ ጊዜ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። እሱ ግን በየዓመቱ ሄደ። በግልቢያው ማለዳ ተነስቶ ጫማውን ይወለውላል፣ ክራባቱን ያስራል፣ ጥሩ ቦታ እንዳይቀደም ብሎ ከሁሉ በፊት መልካው ላይ ይቆማል። ለመዞር። ልጁ ስትደርስ ይዞራል፣ ስታልፍ ይመለሳል፣ ከዚያ ሾርባውን ሊበላ ቤቱ ይገባል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አደረገ፤ አባትና ልጅም አሥራ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

ማክሰኞ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ቀብሩ ሐሙስ እንዲሆን የቆረጠው ማኅበሩ ነው፤ ዓርብ ግልቢያው ስለሆነ ቀባሪውም፣ ጉድጓድ ቆፋሪውም፣ ሣጥን ተሸካሚውም ፈረስ ላይ ናቸው። ከሐሙስ ካለፈ ዋት ስካራቸው እስኪበርድ ድረስ ሊጠብቃቸው ነው። ሰዎቹ ለበዓሉ የገዙትን አዲስ ጫማ ለሐዘኑ እያስለመዱ ገቡ፤ ሳንዱች በሉ፣ ውስኪ ቀመሱ፣ ስለ ፈረስ አወሩ። ኔታ ወጥ ቤት ገብታ ዳቦ ስትቆርጥ፣ ከበሩ ወዲያ ፔጊና ሁለት ጎረቤቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«አንደኛውን ገመድ ለዚያች ልትሰጥ ነው አሉ።»

«ለማን? ለሮና? ኧረ ወዲያ።»

«እውነቴን ነው። ሲም ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ሰውዬው አሥራ ሁለት ዓመት ጀርባውን ሰጥቷት የለ እንዴ? አሁን ራስጌው ልትቆም?»

«ምን ያድርግ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ አኳኋኑ መዞር አይችል» አለች ፔጊ፤ ሦስቱም ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ።

ኔታ ዳቦውን ይዛ ወጣች። ሳህኑን ፊታቸው ስታስቀምጥ ሦስቱም የሐዘን ፊታቸውን መልሰው ለበሱ። ይህችው ፔጊ ባለፈው እሑድ ከሴት ቄስ እጅ ቆርባለች። ሴት ታቆርባቸዋለች፣ ሴት ትቀብራቸዋለች፤ ኮርቻ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው ሰማይ የሚደፋባቸው።

ወዲያው ሲም ገባ፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ሲራመድበት ኩራት እንጂ እፍረት አልነበረበትም።

«ተመለሰ» አለ። «ድንጋዩ ቦታው ገባ። በትራክተር ገፋነው፣ ዙሪያውን ጠጠር ጠቀጠቅንበት፤ አሁን ዝሆን አይነቀንቀውም። ለዋት ክብር ስንል ነው ከሌላው ሥራ ያስቀደምነው።»

ኔታ የያዘችውን ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ማን እንደፈነቀለው ታውቃለህ?»

«ዱርዬዎች ናቸው አልኩሽ እኮ።»

«ዋት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር አለ። አንዱ ሳቅ ጀምሮ አቋረጠው።

«ባሌ በማለዳ ዲጂኖ ይዞ መልካ የወረደው ለምን ይመስልሃል፣ ሲም? ዓሣ ሊያጠምድ? ያንን ድንጋይ ሲፈነቅል ነው ልቡ የቆመው። እሱ የሞተበትን ነገር ለክብሩ ስትሉ መልሳችሁ ቀበራችሁት።»

ሲም ፊቱን አለሰለሰ፤ ይህ ከድርቅናው የባሰ ነበር። አጠገቧ መጥቶ እጇን መታ መታ አደረገ። «ኔታ፣ ሐዘን ሰውን ያዘባርቃል። ዋት ያንን ድንጋይ ይነካል? በራሱ ዓመት ባንዲራ ይዞ የተሻገረበትን?»

«ወንድሜን አታዋርጂው» አለች ፔጊ። «ሳይቀበር እንኳ።»

ኔታ እጇን ወሰደች፤ ከፊቱ ያለውንም የብስኩት ሳህን አነሳች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ በስብሶ ይለቃል፤ እነዚህ ግን ድንጋይ ነው የያዙት።

አምና ነበር፤ ያው ግልቢያ፣ ያው መልካ። ኔታ ከባሏ ጎን ቆማለች፤ እሷ ፊቷን ወደ ወንዙ፣ እሱ ወደ ኮረብታው። ሮና ዳማ ባዝራዋን ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች። ባዝራዋ ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ ስትረግጥ ኮቴዋ ተንሸራተተ፤ በጎኗ ወደቀች፤ ሮናም ከሥሯ ሆነች። ሰው ሁሉ ጮኸ። ውሃው ውስጥ ከፈረሱ እግር በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ዋት አልዞረም። ኔታ ክንዱን ይዛ «ልጅህ ናት፣ ልጅህ ናት» እያለች ጎተተችው፤ እንደ ግንድ ተተክሎ ቀረ። እጆቹን ግን ከኋላው አጣምሮ ነበርና አየቻቸው። አንዱ ሌላውን ጨምቆ ይዟል፤ አንጓዎቹ ነጭ ሆነዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ። ሮና እያሳላት ተነሳች፣ ባዝራዋም ተነሳች፤ ፈረሰኞቹ አለፉ። ያን ጊዜ ነው የዞረው። ወንዙ ባዶ ነበር።

ቤት ገብተው ሾርባውን ሰጠችው። ሁለት ማንኪያ ከጠጣ በኋላ፣ «ባዝራዋ አላነከሰችም?» አላት።

«ባዝራዋን ነው የምትጠይቀኝ?»

ማንኪያውን መልሶ ሾርባው ውስጥ ነከረ። በዚያች ደቂቃ ናቀችው፤ በትዳሯ ሁሉ እንደዚያ ቀን ንቃው አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ በንቀቷ ውስጥ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ ድንቹን ኮተኮተ። አንድ ቀንም «ያ ድንጋይ ዱሮም ያንሸራትት ነበር» አለ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል። 

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኔታ እንግዶቹን ከነሻያቸው ትታ በጓሮ በር ወጣች። ዲጂኖዋን መኪናው ውስጥ አጋድማ ወደ ሮና እርሻ ነዳች። ሮና በረቱ ውስጥ ገለባ ስታገላብጥ አገኘቻት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ አገጯን የምትገፋው አገፋፍ ቁርጥ አባቷን ነው፤ ይህን ግን የሚነግራት አልነበረም።

«እማዬ፣ ዲጂኖ ምን ይሠራልሻል?»

«አባትሽ ጀምሮ ያልጨረሰው ሥራ አለ።»

«እሱን ማኅበሩ ይጨርስለት።»

«ጨርሶለታል። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

ነገረቻት። ድንጋዩን፣ ዲጂኖዋን፣ ትራክተሩን፣ ከኋላው ተጣምረው ይንቀጠቀጡ የነበሩትን እጆች። ሳታሳምር፣ ሳታስተዛዝን ነው የነገረቻት። ሮና መንሹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ?»

«ምንም አትበይ።»

«ሲዞርብኝ ከተማው ሁሉ እያየ ነው። ድንጋይ ሊያነሳልኝ ሲሆን ግን ሰው ሳይነሳ፣ እንደ ሌባ።»

«ፈሪ ነበር።»

«ፈሪ ነበር» አለች ሮናም። መንሹን መልሳ አንስታ፣ «ትወጂው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«የሚያናድደኝ እሱ አይደል።»

መልካው ላይ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ቦት ጫማ አድርገው ውሃው ውስጥ ገቡ። ማኅበሩ የጠቀጠቀውን ጠጠር ሮና በአካፋ ስትጠርግ የድንጋዩ ጠርዝ ብቅ አለ፤ ዳር ዳሩ ላይ ዲጂኖ የቧጨረው ነጭ ነጭ ምልክት ነበረበት። ብዙ ቦታ ነው የሞከረው። አንዱ ጋ ገፋ አድርጎ፣ እምቢ ሲለው ወደ ሌላው ዞሮ፣ እዚያም እምቢ ሲለው ተመልሶ። ሮና ጣቷን አንዱ ጭረት ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ዲጂኖዋን ከእናቷ ተቀብላ እዚያው ላይ ሰካችው።

«ወደ ታች ስጫን አንቺ ግፊ።»

«ሰባ ዓመቴ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግፊ።»

ገፋች። ወገቧ ተንቋቋ፣ ውሃው ጫማዋ ውስጥ ገባ፤ ሲምን ተሳደበች፣ ፔጊን ተሳደበች፣ ብዙውን ስድብ ግን ዋት ወሰደው። ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ ቆመ፣ ተገለበጠና ከታች ያለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሁለቱም ዳር ላይ ተቀምጠው እስኪተነፍሱ ቆዩ።

«ነገ አንደኛው ገመድ የአንቺ ነው» አለች ኔታ።

«አልይዝም።»

«ሮና።»

«አንድ ቀን ለምኖኝ ያውቃል? ነይ ብሎኝ ያውቃል? ሲም ይያዝለት።»

«እሱ አይለምንም፤ አፍ አልነበረውም። እኔ ነኝ የምለምንሽ። ሲም ራስጌው ከቆመ የሞተው ባንዲራ ያዡ ብቻ ነው የሚሆነው። ሌላውን ሰውዬ ማንም አያውቀውም፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ሮና ዲጂኖዋን በሣር ጠረገችና ለእናቷ ሰጠቻት።  ኔታም ልመናዋን ሳትደግም ወደ ቤቷ ነዳች።

ሐሙስ ከተማው ሁሉ በሪባን ተንቆጥቁጧል፤ ለዋት አይደለም፣ ለዓርብ ነው። ሙዚቀኞቹ የሆነ ጓሮ ውስጥ ይለማመዱ ስለነበር ቄሷ ስትጸልይ አንድ ከበሮ ከሩቅ ሲያቋርጣት ቆየ። ማኅበሩ ባለ ባዶ ኮርቻ ፈረስ ከሬሳው ኋላ ሊያስከትል ጠይቆ ነበር፤ ኔታ እምቢ አለች። ባንዲራውን ግን ሣጥኑ ላይ እንዲያለብሱት ተወች፤ ሰውዬው ይወደው ነበርና። ጉድጓዱ አፍ ሲደርሱ ሲም አንስቶ እንደ ሕፃን አቅፎ አጠፈው።

ቀብር አስፈጻሚው ሚስተር ታይት ቀስ ብሎ ወደ ኔታ ጠጋ አለ። «ወይዘሮ ክሮዚየር፣ አንደኛውን ማን ይያዝልዎ?»

ኔታ የመቃብሩን በር አየች። ሰው የለም።

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጠበቁ። የቀድሞ ባንዲራ ያዦች ሪባናቸውን አጋድመው በሰባቱ ገመድ ዙሪያ ቆመዋል። አንደኛው ገመድ ሣጥኑ ላይ ተጠቅልሎ ብቻውን ቀርቷል። ፔጊ ሰዓቷን አየች። ሲም ለአጠገቡ ሰው የራሱን ገመድ አስይዞ ወደ ራስጌው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎም አንደኛውን አነሳ። «አይዞሽ፣ ኔታ» አለ። «እኔ አለሁለት።» ኔታ እዚያው እፊቱ ልትጮህበት ምንም አልቀራትም።

በሩ ሲጥጥ ሲል ሁሉም ዞሩ። ሮና በጥቁር ካፖርት፣ በግልቢያ ሱሪና በዚያው የመልካ ጭቃ በደረቀበት ቦት ጫማ በመቃብሮቹ መሀል መጣች። ግራ ቀኝ አላየችም። ሲም ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች።

«የእኔን ገመድ ይዘሃል፣ ጋሽ ሲም።»

ሲም ኔታን አየ፣ ፔጊን አየ፣ ሚስተር ታይትን አየ። ማንም አልረዳውም። ገመዱን ሰጣትና ወደ ግርጌው ተመለሰ፤ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ባንዲራ ያዦቹ ተንቀሳቀሱ፤ ትከሻቸው የለመደውን ሊያደርግ፣ ሊዞር፣ ሲቃጣው ኔታ አየች። ነገር ግን በሚስተር ታይት ምልክት ሣጥኑ በገመድ ተነስቶ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ቢዞር ዋት በአፍጢሙ ይወርዳል። ስለዚህ የሃርትሎ ወንዶች በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሮና ክሮዚየርን ፊት ለፊት እያዩ ቆሙ። ምን እንደሚያደርጉ እጅግ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ኔታ በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ሣጥኑ እኩል ወረደ። ሮና ገመዱን የምትለቀው አባቷ ልጓም እንዳስተማራት ነበር፤ ሳትነጥቅ፣ ሳታላላ። ታች ሲደርስ ሚስተር ታይት ራሱን ነቀነቀ። ወግ ነውና ሰባቱ ሰዎች ተራ በተራ ገመዳቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ።

ሮና አልጣለችም። ገመዱን መዳፏ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለለችው። ከዚያ ዞረች። ተረከዟን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስተካክላ፣ ፊቷን ወደ ኮረብታው አድርጋ፣ ለአባቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች ፔጊ። ከሁሉም በላይ የገባቸው እነሱ፣ ሲምና ጓደኞቹ ነበሩ፤ አንድ በአንድ አንገታቸውን ሰበሩ።

የሮና እጆች ከኋላዋ ነበሩ። ገመዱን ጨብጠውታል፤ አንጓዎቹ ነጭ ሆነዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ። ኔታ እነዚያን እጆች ታውቃቸዋለች፤ አምና መልካው ላይ አይታቸዋለች። አሁን ነው ያለቀሰችው። ለዋት የመጀመሪያዋ እንባ ነበረች፤ እየናቀችውም አለቀሰችለት፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረውም።

ሚስተር ታይት ሳል አለና አንድ እርምጃ ወደ ሮና ተራመደ።

«ይተዋት» አለች ኔታ።

ጉድጓዱን ዞራ ሄዳ ከልጇ ጎን ቆመች፤ እሷም ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና ገመዱን አብራት ያዘች።